በልጄ ጉዳይ የለሁበትም

በዚህ ቤት ለምትኖሩ፣ ለምትበሉና ለምትጠጡ ሁሉ፦ ከዛሬ ማለዳ ጀምሮ የስኳር መያዣው ከኳስ አመቻችነቱ በክብር ተሰናብቶ ወደ ቀድሞ ሥራው፣ ማለትም ስኳር ወደ መያዙ የተመለሰ መሆኑ፤ አራቱ ብርጭቆዎችም ከእንግዲህ ወዲህ አጥቂም ተከላካይም ሳይሆኑ ሻይ ብቻ እንዲሸከሙ የተወሰነ መሆኑ፤ ይህን ተላልፎ በቁርስ ሰዓት የጨው ዕቃውን ከመረብ ወዲያ ማዶ ያሻገረ ማንኛውም አሰልጣኝ ቁርሱን ሜዳ ላይ እንዲበላ የሚደረግ መሆኑ ታውጇል።

አዋጁን ያወጀችው እናትየው ናት። ልብስ ሰፊ ናትና አንገቷ ላይ ሜትር አንጠልጥላ፣ ከንፈሯ መሃል ሦስት ስፒል ነክሳ፣ በዚያው በተነከሰ አፍ ነው ያወጀችው። አባትየው ስኳር መያዣውን አየር ላይ እንደያዘ ቀረ።

«ኧረ ስኳር ልጨምር ብዬ ነው።»

«ሻይህ ውስጥ ሦስት ማንኪያ አለ። ሌላ ብትጨምር ማንኪያው ይቆማል። አስቀምጥ።»

አስቀመጠው። ይህ ሰው በአንድ ኮሌጅ የሴቶችም የወንዶችም የመረብ ኳስ አሰልጣኝ ሲሆን፣ በከተማው የታወቀው በዋንጫ ሳይሆን በማስረዳት ነው። ማንን ለምን እንዳሰለፈ፣ ማንን ለምን እንዳስቀመጠ ለተጫዋቾቹ አስረድቶ አይበቃውም፤ ለግቢው ጥበቃ ያስረዳል፣ አዳራሹን ለምታጸዳው ሴትዮ መጥረጊያዋን አስቁሞ ያስረዳል፣ ጥርሱን ሊነቀል ሄዶ አፉ ደንዝዞ ሳለ በእጁ ምልክት ለሐኪሙ እንዳስረዳ ይወራል። ፍርደ ገምድል ከሚሉት ቢሰቅሉት ይመርጣል። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ጥያቄ ከሱ ጋር ተኝቶ ከሱ ጋር ይነሳል፤ አንዳንዴም ቀድሞት ይነሳና ይቀሰቅሰዋል። አንድ የማያስረዳው ነገር ቢኖር ዛሬ የሚያልቀው ጉዳይ ነው።

ዛሬ የሚያልቀው ጉዳይ የልጁ ነው። ልጅቱ መሰላል ትባላለች። ስም አጥታ አይደለም፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ የበሩንም መቃን አብራ ስለጨረሰች ነው። እሷም እንደ ቤተሰቧ ኳስ ትጫወታለች፤ ሥራዋ ሌሎች እንዲመቱ ኳሱን ከፍ አድርጎ ማመቻቸት ነው። ሁለት ኮሌጆች በር ከፍተውላታል። አንደኛው አባቷ የሚሠራበት ነው፤ የሠራተኛ ልጅ በነጻ ይማርበታል፣ ከቤት በእግር ይደረሳል፣ ቡድኑ ውስጥ ለመግባት ግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ምዘና አለ። ሁለተኛው ከከተማው ወዲያ ማዶ ነው። እዚያ ደግሞ ዋና አሰልጣኙ የአባቷ የቀድሞ ረዳት ነው፤ ዋና ከሆነ ቆይቷል፣ በእነሱ ቤት ግን ዛሬም ረዳቱ ነው የሚባለው። ረዳቱ ምዘና አላለም፤ ቦታሽም አልጋሽም ተዘጋጅቷል፣ ክፍያም አያሳስብሽ ብሏል። የሁለቱም ምዝገባ ዛሬ አመሻሽ ላይ ይዘጋል። ወራት ሙሉ «አባዬ፣ አንተ ምን ትላለህ?» ባለች ቁጥር ይኸው የማስረዳት ሊቅ ዓይኑን ከዓይኗ እያሸሸ፣ «ያንቺ ምርጫ ነው፤ እኔ የለሁበትም» ይላታል። እናቷን ስትጠይቅ ደግሞ፣ «እኔ የሰው ወገብ እለካለሁ እንጂ ዕድል አልለካም» ትባላለች። ስለዚህ በዚያ ቤት ስለ ኳስ ብዙ ይወራል፣ ስለ ልጅቱ ግን አይወራም። አዋጁም የወጣው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ወሬው ሲጠፋ ዝምታው እንዲሰማ።

ዝምታው ተሰማ። ሻይ ተጠጣ። አባትና ልጅ አብረው ወጡ።

መሰላል ሜዳውን ቀድሜ ልየው ብላ ነበር የተከተለችው። የስፖርት አዳራሹ ጠዋት ጠዋት ባዶ ሆኖ የጎማና የላብ ጠረን ብቻውን ይጫወትበታል። አባቷ ኳስ ሊነፋ ወደ ዕቃ ቤት ሲገባ እሷ ወደ ሴቶች መታጠቢያ ገባች፤ በር ዘግታ ሳለች ሁለት ልጆች ሊታጠቡ መጡ። ውሃው ተከፈተ።

«ዛሬ ልጁ ትመጣለች አሉ።»

«የማን?»

«የአሰልጣኝ ነዋ። ቦታው እኮ አለቀለት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ።»

«አንቺ ደግሞ፣ ያንቺ ቦታ ስለሆነ ነው እንዲህ የምትበሳጪው። አትስጊ ባክሽ። ወንድሟን አታውቂም? ወንበር የሚሉትን?»

«ሰምቻለሁ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ነው የተመረቀው። ሲመረቅ እንኳን ቁም ሲሉት ተጠራጠረ ይባላል።» ሳቁ። «ታላቅ እህቴ አብራው ነበረች፤ ልምምድ ላይ እሱን የሚያቆመው ሰው አልነበረም ትላለች። ግን አባትየው ሰው ምን ይለኛል ብሎ ይፈራል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እሱ ነው። እሷም ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ አንቺ ትጫወቻለሽ። ሳሙናውን አቀብዪኝ።»

መሰላልን ያንገበገባት ከሁሉም ሳሙናው ነው። የአንድ ሰው አራት ዓመት በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ፣ በዚያው ትንፋሽ ሳሙና ይጠየቅበታል። እስኪወጡ ጠበቀች። ከዚያ ለአባቷ ሳትናገር ወጥታ አውቶቡስ ተሳፈረች።

ወንድሟ የሚሠራው መስተዋት ቤት ነው። ጠባብ ክፍል ናት፤ በሦስት ግድግዳ ትልልቅ መስተዋቶች ተደግፈው ስለሚቆሙ የገባ ሰው ሁሉ ብዙ ሆኖ ይታያል፣ አንድ ደንበኛ ሲከራከር ሰልፍ ያመፀ ይመስላል። ያን ዕለትም አንድ ጎልማሳ ለመስኮት የሚሆን ቁራጭ ይዞ፣ ዋጋው ካለፈው ወር በእጥፍ ጨመረ እያለ ይነታረክ ነበር። «እኔ እኮ መስኮት ነው ያልኩት፣ ቤቱን አላልኩም!» ወንድሟ ሳቅ ብሎ ትንሽ ቀነሰለትና ሸኘው። እህቱን በመስተዋቱ ውስጥ አያት እንጂ አልዞረም።

«ምዝገባው መቼ ነው የሚዘጋው?»

«ዛሬ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ፊትሽን ልታዪ ነው? እሱ እንደሆነ ከላይ ተቆርጦ ነው የሚታየው።»

አልሳቀችም። ጓንቱን አወለቀና እንድትቀመጥ ዱካ ስቦ ሰጣት፤ እሱ ቆመ። በዚያ ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ ማንም አይቶት አያውቅም። ከመንገዱ የአውቶቡስ ጡሩምባ ይሰማል፤ እሱ የመቁረጫውን ጫፍ በጨርቅ እየወለወለ እስክትናገር ይጠብቃል። በቤታቸው ስለዚያ አራት ዓመት ተጠይቆ አያውቅም። እናታቸው ለቡድኑ ሁሉ ቁጥር የምትሰፋ ስለነበረች የሱን ማሊያ ዓመት በመጣ ቁጥር እየፈታች እንደ አዲስ ትሰፋው ነበር፤ ሳታጥበው፣ የሚታጠብ ነገር ስላልነበረው። ከዚያ ያለፈ ቃል ማንም አልተናገረም።

«ለምንድን ነው ጥለህ ያልወጣኸው?» አለች።

«ወንበሩ ይመች ነበራ።»

«የምሬን ነው፣ ወንድምዬ።»

ጨርቁን አጠፈ። «ሁልጊዜ የሚቀጥለው ጨዋታ ነበረ። አንድ ጨዋታ ሲያልቅ ሌላ ይመጣል፤ አሁንማ ትላለሽ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ዓመቱ ይሄዳል።»

«አልተናደድክበትም?»

«በአባዬ? ለምን እናደድበታለሁ? አልቻልኩማ። ሌላ ሰው ቢሆን ምቀኛ ነው፣ ኳስ አያውቅም እል ነበር። እሱ ግን ኳስ ያውቃል። ኳስ የሚያውቅ ሰው፣ ያውም ወልዶ ያሳደገህ፣ አትችልም ካለህ አትችልም ነው። እኔ እንደሆነ ተቀብዬው ጨርሻለሁ።» አዲስ መስተዋት ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። «አንቺ ግን ረዳቱ ጋ ሂጂ። ጥሩ ሰው ነው። ደግሞ እዚያ ማንም አባትሽ አይደለም።»

ሄደች። ከተማውን በሁለት አውቶቡስ አቋርጣ፣ ረዳቱን ከስታዲየሙ ደረጃ ሥር ካለች ቢሮው አገኘችው። ጣሪያው የደረጃው ጀርባ ነውና ወደ ጠረጴዛው በቀረቡ ቁጥር ዝቅ ይላል፤ መሰላል አጎንብሳ ገባችና አጎንብሳ ቀረች። ረዳቱ በደስታ የሚያደርገውን አጣ፤ ወንበር አወጣ፣ ወንበሩ ላይ የነበረውን የኳስ ከረጢት አወረደ፣ ከረጢቱ ተፈትቶ ኳሶቹ ቢሮውን ሞሉት።

«መጣሽ! እኔ እኮ ብያለሁ፣ ይህቺ ልጅ ብልህ ናት ብያለሁ። የኔን ልጅ ብታዪ! ከአንተ ኮሌጅ ከምማር ጨርሶ ብቀር ይሻለኛል ብላ ነርስነት ገባች። ኳስ ስታይ ራሷን ያማታል። ከኔ ጋር ስትኖር እንዴት እንደቻለችው እንጃ።»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወንድሜ ይችል ነበር?»

ረዳቱ ኳስ እየለቀመ ነበር። ሁለቱን በብብቱ እንደያዘ ቀና አለ። «ይችል ነበር ወይ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው! እንደሱ ያለ ልጅ በእጄ አልገባም፣ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ።»

«ታዲያ ለምን አልተሰለፈም?»

«አባትሽ ነዋ።»

«አባዬ አታሰልፈው አለ?»

«ኧረ! አባትሽ እንደዚያ የሚል ሰው ነው? ጨዋ ሰው ነው። የመጀመሪያው ምዘና ቀን ጀርባውን ሰጠንና፣ ‹በልጄ ጉዳይ እኔ የለሁበትም፤ አንተ ወስን› አለኝ። እኔም ልጅ አይደለሁ፣ ገባኝ።»

«ምን ገባዎት?»

«ቡድኑ ውስጥ ይዤው ሜዳ እንዳላስገባው ነዋ! ልጄን ተወው ብሎ በአፉ ማውጣት ከብዶት ነው። አለቃህ በልጄ የለሁበትም ካለህ በኋላ ልጁን ብታስገባ ምን ትባላለህ? አሽቃባጭ። እኔ ደግሞ አሽቃባጭ አይደለሁም።»

«ጠየቁት?»

«እንዴት ይጠየቃል እንዲህ ያለ ነገር? ያፍራል።»

«እሱስ፣ ልጄ እንዴት ነው ብሎ ጠይቆዎት ያውቃል?»

«እንዴት አድርጎ ይጠይቀኛል? የለሁበትም ብሎ!» አለና ከብብቱ አንደኛው ኳስ ወደቀ።

ኳሱ ነጥሮ ነጥሮ ግድግዳው ሥር እስኪቆም ሁለቱም አዩት። መሰላል ነገሩ ቀስ እያለ ነው የገባት። አባቷ ረዳቱ መዝኖ አይችልም ያለ መስሎት ነው፤ ረዳቱ አባትየው አልፈለገም መስሎት ነው፤ ወንድሟ ሁለቱም አይተው የጣሉት መስሎት ነው። ክፉ ሰው ፈልጋ አጣች። ሁለት ጨዋ ሰዎች በአንድ ልጅ ላይ አራት ዓመት ተከባበሩበት፤ ያው ነው።

«ተዪው፣ ያለፈ ነገር ነው» አለ ረዳቱ፤ ፊቱ ግን ከአፉ ጋር አልነበረም። «ላንቺ እክሰዋለሁ። ከመጀመሪያው ጨዋታ ትሰለፊያለሽ፤ ቃሌ ነው።»

«ስጫወት አይተውኝ ያውቃሉ?»

«ምን ማየት ያስፈልጋል? የማን ልጅ ነሽ!»

እስከዚያች ቃል ድረስ ልትመዘገብ ነበር የመጣችው። አመስግናው ተነሳች፤ ስትነሳ ጣሪያው አናቷን መታት። አውቶቡስ ውስጥ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ስታስበው፣ ወንድሟ የማን ልጅ እንደሆነ ታይቶ ተቀመጠ፣ እሷ የማን ልጅ እንደሆነች ታይቶ ልትቆም ነው። ሁለቱንም አይቶ የወሰነ ሰው የለም። እዚያ ማዶ ብትጫወት ማንም አይተቻትም፤ ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ የወንድሟን ካሳ ስትበላ ትኖራለች። እዚህ ብትቀመጥ እንደ ወንድሟ ትቀራለች፣ ብትሰለፍ ደግሞ ሳሙና በተጠየቀ ቁጥር ስሟ ይነሳል። ሁለቱንም እምቢ አለች። እንዲያም ሆኖ ከኮሌጁ በር ስትደርስ ራሷን ስትሮጥ አገኘችው።

ምዘናው ተጀምሮ ነበር። ልጆቹ ተራ በተራ ስድስት ስድስት እየሆኑ ይገባሉ፤ አባቷ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አድርጎ ለእያንዳንዷ የሠራችውንና ያልሠራችውን ያስረዳል፣ ያልጠየቀችውንም ይጨምራል። አጠገቡ አዲሷ ረዳት ቆማለች፤ በቅርቡ የተቀጠረች፣ ትሁት፣ አለቃዋ ሳል ሲል ውሃ የምታቀርብ ወጣት ናት። የመሰላል ተራ ደረሰ። አባቷ አያትና ፊቱን አዞረ።

«በዚህችኛዋ እኔ የለሁበትም፤ አንቺ ወስኚ» አላት ረዳቷን፤ ወደ ኳስ ዕቃ ቤቱም አመራ።

ወጣቷ ረዳት ራሷን ነቀነቀች። ቀስ ያለ፣ የተግባባ ንቅናቄ ነው። ገብቷታል።

መሰላል ከሜዳው ወጣች። ከኋላዋ የሆነ ሰው ሳቀ። ዕቃ ቤቱ ውስጥ አባቷ ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ በፓምፕ ይነፋል።

«አባዬ።»

«እዚህ አሰልጣኝ ነኝ።»

«እሺ፣ አሰልጣኝ። ረዳቱ ጋ ነበርኩ።»

«ያንቺ ምርጫ ነው፤ እኔ የለሁ…»

«ወንድሜን የተወው ስለማይችል አይደለም። አንተ የለሁበትም ስትለው አታስገባው ማለትህ መሰለው። አራቱንም ዓመት።»

ፓምፑ ቆመ። «ማን አለሽ?»

«በራሱ አፍ።»

«ሐሰት ነው። ረዳቴ ልጁ አይችልም ስላለ ነው እንጂ እኔ…»

«አይችልም ብሎህ ያውቃል?»

አባቷ እንደገና ፓምፑን ያዘና መንፋት ጀመረ፤ ኳሱ ሞልቶ፣ ተወጥሮ፣ ድንጋይ ሆኖ፣ እሱ ይነፋል። እጁን ይዛ አስቆመችው።

«ዞረህ እየኝ። ከዚያ አትችዪም በለኝ፤ እሺ እላለሁ። ከሌላ ሰው አፍ ግን አልቀበልም።»

መልስ ሳትጠብቅ ተመለሰች። ወደ ሜዳው ስትገባ ወደ ኋላ ላለማየት አንገቷን አደነደነች። ጨዋታው ተጀመረ፤ የመጀመሪያው ኳስ በጣቶቿ መሃል ሾልኮ ወደቀ። ሁለተኛውን አነሳችው፣ ግን አጠረ። ሳቁ በግልጽ ተሰማ። ሦስተኛው ከሩቅ፣ ከጎን፣ ተበላሽቶ መጣ፤ ሮጣ ሥሩ ገባችና ወደ ላይ ሰደደችው፤ ከፍ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ መቺዋ ዘልላ እስክትደርስ ድረስ የጠበቃት ይመስል ቆየ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልቆጠረችውም። ላቧ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ልትጠርግ ቀና ስትል ግን አባቷን አየችው፤ ከሜዳው መስመር ላይ ቆሟል፤ ፊሽካውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ መንፋቱን ረስቶታል። ያያታል። እንዲህ ሲያያት፣ የገዛ አባቷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ገረማትና ኳስ ሊያመልጣት ነበር።

የተመረጡትን ስድስት እሱ ራሱ ጠራ። የሷ ስም አራተኛ መጣ። ሳሙና ስትቀባበል የነበረችው፣ ቦታዋ የተወሰደባት ልጅ፣ ቦርሳዋን አንስታ «አላልኩም?» ብላ በመሰላል ፊት አለፈች። ሐሰተኛ ነሽ ማለት አይቻልም፤ እውነተኛ ነሽ ማለትም እንዲሁ። ከዛሬ ጀምሮ የሚባለው ይኸው ነው፤ አራት ዓመት ይባላል። መሰላል ይህን እያወቀች ላቧ ሳይደርቅ ወደ ሬጅስትራር ሄዳ፣ ሠራተኛዋ መስኮቱን ልትዘጋ ስትል ደርሳ ተመዘገበች።

ወሬ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። እቤት ስትደርስ ወንድሟ ከሥራ ቀጥታ መጥቶ፣ የመስተዋት ብናኝ ጸጉሩ ላይ እንዳለ ሳሎን መሃል ቆሞ ነበር። እናትየው ከመስፊያ መኪናዋ ኋላ አዲስ ማሊያ ላይ ቁጥር ትሰፋለች። አባትየው ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ጫማውንም አላወለቀም። ማንም «ግባ፣ ቁጭ በል» አላለም፤ ወይም ተብሎ እምቢ ብሏል።

«አስገባሃት አሉ» አለ ወንድሟ። ድምፁ የሚጣላ ሰው ድምፅ አልነበረም።

«አስገባኋት።»

«ትችላለች ማለት ነው?»

«ትችላለች። አየኋት።»

«ጎበዝ። ደስ ብሎኛል።» እውነቱን ነው፤ ለእህቱ ፈገግ አለላት። ከዚያ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቦታ አጣ። «እኔስ፣ አባዬ?»

የእናትየው መስፊያ መኪና ቆመ። መሰላል አፏን ከፈተች፤ የረዳቱ ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ስም ነው፤ ብትጠራው ይህ ሁሉ ሸክም ከአባቷ ትከሻ ወርዶ ከከተማው ወዲያ ማዶ ባለች ጣሪያዋ ዝቅ ያለች ቢሮ ውስጥ ያርፋል። አባትየው ሳያያት እጁን አነሳ፤ ተዪ ማለቱ ነው።

«አንተን አላየሁህም» አለው ልጁን።

«አራት ዓመት አጠገብህ ተቀምጬ?»

«አጠገቤ ተቀምጠህ።»

እናትየው መርፌው ሥር ያለውን ጨርቅ በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ወንድሟ ጥቂት ጠበቀ፤ ይህ ሰው ለጥበቃም ለሐኪምም የሚተርፍ ቃል እንዳለው ስለሚያውቅ የቀረውን ይጨምራል ብሎ ነው።

«ለምን?»

አባትየው ቀና ብሎ ልጁን አየው፤ ዓይኑንም አላሸሸም።

«አላስረዳም።»